ብረት አንሺውና ሚዛኑ

በዩኒቨርሲቲ ሳለን በአንድ መኝታ ቤት አብሮን የኖረ አንድ ወዳጅ አለን። ትምህርቱን ፈጽሞ ዛሬ በደቡብ ጎንደር፣ በስማዳ ወረዳ ርእሰ ከተማ በወገዳ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራል። ስሙን እንዳናነሣበት ስለለመነን በዚህ ጽሑፍ «ወዳጃችን» እያልን እንጠራዋለን። የደረሰው ነገር በእርሱ ብቻ የደረሰ ቢሆን ኖሮ የአንባቢን ጊዜ ባልተሻማን ነበር፤ ዳሩ ግን ወንበርና ጠረጴዛ የለመዱ አያሌ ወጣቶች በየከተማው ሲሳሳቱበት የምናየው ነገር ስለሆነ ዝም ማለት አልሆነልንም።

ወዳጃችን ተማሪ ሳለ ሱሪው በቀበቶ ኀይል ብቻ ወገቡ ላይ የሚቆም ቀጭን ልጅ ነበር። ሥራ ከያዘ በኋላ ግን ስብሰባው፣ የስብሰባው ሻይና ብስኩት፣ ከስብሰባው በኋላ የሚከተለው ጥብስ ተባብረው ቦርጭ አወጡለት። በአገራችን ቦርጭ እንደ ሹመት ምልክት ስለሚቈጠር፣ ሰውም «ተመችቶሃል» እያለ ስለሚያሞግሰው፣ ነገሩን በጸጋ ተቀብሎ ኖረ። ኋላ ግን አባቱ በስኳር በሽታ ምክንያት የዓይናቸው ብርሃን ደከመ፤ እርሱም ፈርቶ ቢመረመር የደሙ ስኳር ከልኩ ጥቂት ከፍ ብሎ ተገኘ። የመረመረችው ነርስ ለጊዜው መድኃኒት አልሰጠችውም። ወገብህን አሳንስ፤ ሰውነትህን አሠራው፤ ከሦስት ወር በኋላም ተመለስ ብላ አሰናበተችው።

ወዳጃችን ገንዘብ ከፍሎ ብረት የሚያነሣበት ቤት ፍለጋ አልደከመም። በብዙ ከተሞቻችን ወጣቶች እንደሚያደርጉት ሁሉ አንድ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ፈለገ፤ በሁለት የቀለም ጣሳ ሲሚንቶ ሞልቶ ከቧንቧው ጫፍና ጫፍ አጣበቀና ብረቱን ራሱ ሠራ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ በሩን ዘግቶ ያነሣ ጀመር። ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ነው። ከመጀመሩ በፊት ወደ አንድ የእህል ነጋዴ መጋዘን ገብቶ ኩንታል በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ቢቆም 78 ኪሎ ነበር። ሁለት ሳምንት እንደ ሠራ ተመልሶ ቢቆም 80 ሆነ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ስልክ ደወለልን። «ተውኩት» አለን። «ምኑን?» ብንለው፣ «ብረቱን ነዋ! ስብ ልሸጥ ወጥቼ ስብ ገዝቼ ገባሁ» ብሎ መለሰልን። በዚያም ላይ ነጋዴው እንደ ሰደበው ነገረን። ሚዛኑን አይተው «አንተ ልጅ፣ ዝናብ የነካው ገብስ መስለሃል» አሉት አለን።

እኛ ግን ሽማግሌው ነጋዴ ተሳደቡ ብለን አናምንም። እንዲያውም በዚያ ሰሞን ለወዳጃችን ከተነገሩት ቃላት ሁሉ እውነተኛው ይህ ነበር። እህል ገዢ የሆነ ሰው ጆንያውን ሚዛን ላይ ከማውጣቱ በፊት ጥቂት ፍሬ ዘግኖ በጥርሱ መካከል ያደርጋል። ፍሬው ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደረቅ ነው፤ ከላላና ከተለመጠ እርጥበት አለው። እርጥብ ገብስ የሞላበት ጆንያ ሚዛኑን ይደፋል፤ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲውል ግን ትርፉ ተንኖ ይሄዳል። ሚዛኑ አልዋሸም፤ እህሉንም ውሃውንም አንድ ላይ መዘነ እንጂ። ሻጭና ገዢ የሚጣሉት ሚዛኑ በተናገረው አይደለም፤ ባልተናገረው ነው።

እኛ የሕክምና ሰዎች አይደለንም። ሆኖም ወዳጃችንን ለመመለስ ስንል ያነበብነውንና ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቀን የተረዳነውን እነሆ እንጽፋለን።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7700 ካሎሪ የሚጠጋ ምግብ ያከማቸ ነው። ወዳጃችን በሁለት ሳምንት ሁለት ኪሎ ስብ ጨመረ ካልን ሰውነቱ ከሚፈልገው በላይ ወደ 15400 ካሎሪ በልቷል፤ ይኸውም በየቀኑ ከልኩ በላይ 1100 ካሎሪ ማለት ነው። ይህ ለአንድ ጎልማሳ ሰው የቀን ምግብ እኩሌታ ያህል ነው። ወዳጃችን ደግሞ በዚያ ሰሞን ፈርቶ ስለ ነበር ጥብሱንም ቀንሶ ነበር። ጡንቻ ነውም እንዳንል፣ ጀማሪ ሰው በደንብ እየበላና እየሠራ በወር ውስጥ የሚያገኘው ጡንቻ ቢበዛ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ ብዙው ሰው ከዚያም ያነሰ ነው የሚያገኘው። እንግዲህ ያ ሁለት ኪሎ በአብዛኛው ስብም ጡንቻም ሊሆን አይችልም። ታዲያ ምንድን ነው?

ውሃ ነው። ከየት መጣ ለሚል ሰው ደግሞ መልሱ በስማዳ ገደል ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ወገዳ ከደጋው ላይ ብትሆን ወረዳው ወደ በሽሎ ወንዝ እየተቈለቈለ ቆላ ይገባል። ከከተማ የተመደበ አዲስ ሠራተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቆላ ቀበሌ በእግሩ ወርዶ ሲመለስ፣ በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቅቶት እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ይዞ ሲሄድ ይታያል። እርሱ ያደከመኝ ዳገቱ ነው ብሎ ያስባል፤ ባላገሩ ግን ይስቅበታል። ዳገት ትንፋሽ ይነሣል፤ ጭንን የሚያሳምመው ቁልቁለት ነው። ሰው ቁልቁል ሲወርድ የጭኑ ጡንቻ እየተለጠጠ ገላውን ደግፎ ይይዛል፤ እየተለጠጡ ሸክም መያዝ ደግሞ የጡንቻን ክሮች በጥቂቱ ይቈርጣቸዋል። ሰውነት የተጐዳውን ለመጠገን ወደ ስፍራው ደምና ፈሳሽ ይልካል፤ ጡንቻውም በመጠኑ ያብጣል። ሕመሙ የሚበረታውም ዕለቱን ሳይሆን በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ብረት አንስቶ ቀስ እያሉ ወደ መሬት መመለስም ያው ቁልቁለት ነው። ወዳጃችን በሳምንት ሦስት ቀን በደረቱ፣ በክንዱና በጭኑ ሁሉ በሽሎን ይወርድ ነበር ማለት ነው፤ የጥገናውም ውሃ ሚዛን ላይ ወጣ።

ይህ እብጠት የሚቆይ አይደለም። ያ አዲስ ሠራተኛ በወሩ እንደ ገና ወደ ቆላ ቢወርድ ሕመሙ እኩሌታ አይሆንም፤ ሰውነቱ ለምዷልና። ሁለተኛው ውሃ ግን ይሰነብታል፤ መሰንበቱም ደግ ነው። ሰውነታችን ከበላነው እንጀራ የሚያገኘውን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል ስንቅ መልክ በጡንቻና በጉበት ያስቀምጣል። በጡንቻ ውስጥ የሚቀመጠው በጎልማሳ ሰው በአማካይ ወደ 400 ግራም ገደማ ነው። ይህ ስንቅ ደግሞ ደረቁን አይቀመጥም፤ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ሥራ የጀመረ ጡንቻ ነገ እንደሚሠራ ስለሚያውቅ ስንቁን ያበዛል። 200 ግራም ስንቅ ቢጨምር 600 ግራም ውሃ ይከተለዋል፤ ይኸው አንድ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ጨው የበዛበት ወጥ፣ ስፖርት ከሠሩ በኋላ የሚጠጣው ተጨማሪ ውሃ፣ ገና ከሆድ ያልወጣው ምግብ ሲታከልበት የጐደለው ይሞላል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። የወዳጃችን በሽታ ሊሆን የሚያሰጋው ስኳር ደም ውስጥ መቅረቱ ነው። ከምግብ በኋላ ከደም ውስጥ ስኳርን እየሳበ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደግሞ ጡንቻ ነው። ስለዚህ ያ ያስደነገጠው ኪሎ በከፊሉ ነርሷ ከደሙ እንዲወጣ የፈለገችው ስኳር ወደ ጎተራው ሲገባ ያመጣው ኪሎ ነበር። ወዳጃችን መዳን ሲጀምር ታመምኩ ብሎ ተወው።

በመመዘን ነገር የጣልያኑን ሐኪም የሳንቶሪዮን ያህል የታገሠ ሰው መኖሩን እንጃ። ይህ ሰው በፓዱዋ ከተማ ወንበሩን፣ ጠረጴዛውንና አልጋውን ከትልቅ ሚዛን ላይ አንጠልጥሎ ሠላሳ ዓመት ያህል የሚበላውን፣ የሚጠጣውንና ከሰውነቱ የሚወጣውን ሲመዝን ኖረ፤ መጽሐፉንም እ.ኤ.አ. በ1614 አሳተመ። ያገኘውም ነገር ሰው ከሚበላውና ከሚጠጣው የሚበልጠው ክፍል በዓይን ሳይታይ በትንፋሽና በላብ እየተነነ የሚወጣ መሆኑን ነው። ሳንቶሪዮ አንድ ቀን ሁለት ኪሎ ጨምሮ ቢያገኝ ሥራውን ትቶ አይሄድም ነበር፤ ያ ሁሉ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቅ ነበር እንጂ።

እኛም በቤታችን ይህን የማናውቅ ሆነን አይደለም። ሁዳዴን 55 ቀን የጾመ ሰው በፋሲካ ማግስት ቢመዘን ክብደቱ ጨምሮ ያገኘዋል። አንድም ሰው ግን በአንድ ሌሊት ሁለት ኪሎ ስብ አበቀልኩ ብሎ አያለቅስም፤ ዶሮ ወጡና ጠላው ገና ከሆዱ እንዳሉ ያውቃል። ለብረት ጊዜ ሲሆን ይህን ማስተዋል ለምን እንደምናጣው አይገባንም።

ከወዳጃችን ጋር ስንከራከር ያስጨነቀን ግን ሌላ ነገር ነበር። ኋላ እንደ ተረዳነው ብረቱን የተወው በሚዛኑ ብቻ አልነበረም፤ ያፍር ነበር። ጋይንትና ስማዳ ድርቅ ደጋግሞ የጎበኛቸው አገሮች ናቸው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት የታቀፉ ብዙ ቤተሰቦች አሉባቸው፤ እነዚህ ሰዎች እርከን እየሠሩ፣ ድንጋይ እየተሸከሙ ነው እህል ወይም ገንዘብ የሚያገኙት። ሰው ለእህል ብሎ ድንጋይ በሚያነሣበት አገር አንድ ጸሐፊ በሩን ዘግቶ ለከንቱ ሲሚንቶ ሲያነሣ ቢታይ ምን ይባላል? የቤቱ አከራይም አንድ ማለዳ ኮቴውን ሰምተው በሩን ቢከፍቱት፣ «ልጄ፣ ምን በድለህ ነው ራስህን እንዲህ የምትቀጣ?» አሉት። ደግሞ «ከሳህ» ማለት በዚያ አገር ምስጋና አይደለም። እናቱ ክሳት ምን እንደ ሆነ የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ይህን ኀፍረት አንንቀውም። እንዲያውም ብረት አነሣሁ ብለው በየሻይ ቤቱ ክንዳቸውን ገልጠው ከሚቀመጡት ይልቅ የሚያፍረውን እንወዳለን። ነገር ግን ኀፍረቱ መልስ አለው። እርከን የሚሠራው ገበሬና ጄሪካን የምታዝለው ሴት ጡንቻቸውን ከጧት እስከ ማታ ስለሚያሠሩ ብረት አያስፈልጋቸውም፤ ከእነርሱ ግብር የሚኖረውና ቀኑን ሁሉ የሚቀመጠው ግን ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ምክር ማንኛውም ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻውን በሥራ እንዲያጠነክር ጠይቋል። ታሞ የሐኪም ወረፋ የሚያጣብብ ሠራተኛ ለአገሩ ከሚያሳፍረው ይበልጣል።

ጄሪካን ካነሣን ዘንድ ለሴት ሠራተኞችም አንድ ቃል እንበል። ብረት ብናነሣ እንደ ወንድ እንገዝፋለን የሚል ፍርሃት አለባቸው፤ በመጀመሪያው ወር ሚዛኑ ሲጨምር ደግሞ ፍርሃቱ እውነት ይመስላቸዋል። በየገጠሩ 20 ሊትር ውሃ፣ ማለትም 20 ኪሎ፣ አዝለው ዳገት የሚወጡትን እኅቶቻችንን ይመልከቱ። የሚመላለሱት ለዓመታት ነው፤ ማናቸው ናቸው እንደ ወንድ የገዘፉት? የሴት ሰውነት በወር አበባ ዑደትም ውሃ ይይዛል፤ ይለቅቃልም፤ ስለዚህ ለሴት የአንድ ሳምንት ሚዛን ከወንድ ይልቅ ያሳስታታል።

ከወዳጃችን በተቃራኒ የቆሙም አሉ። ቀጭን ተማሪ ክንዱን ለማወፈር ብሎ ብረት ይጀምራል። በሁለት ሳምንት ሁለት ኪሎ ሲጨምር ጡንቻ መሰለውና ለጓደኞቹ ያወራል። ውሃው ሞልቶ ሲያበቃ ሚዛኑ ይቆማል፤ ልጁም ይደነግጣል። ዱቄት ሻጩና መርፌ ሻጩ የሚያገኙት በዚህች ሰዓት ነው። ስለ መርፌው በአጭሩ እንናገር፦ ያለ ሐኪም የሚወሰድ የወንድ ሆርሞን የዘር ፍሬን ያኰማትራል፤ ልብንና ጉበትን ይጐዳል። ዱቄቱ በአብዛኛው ጕዳቱ ለኪስ ነው። መቶ ግራም ደረቅ ምስር ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን አለው፤ ባቄላና ሽምብራም ከዚህ ብዙም አይርቁም። የጾም ቀን ሽሮ የሚበላ ልጅ ዱቄት አጣሁ ብሎ ማዘን የለበትም፤ ወጡን ማወፈር ይበቃዋል።

እነዚህ ሁሉ የሚረሱት አንድ ነገር ቢኖር፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው ጕልበት ከጡንቻ መወፈር የሚመጣ አለመሆኑን ነው። ሞሪታኒና ዴቭሪስ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳዩት ጀማሪው ቀድሞ የሚያገኘው ነርቮቹ ጡንቻውን አስተባብረው ማዘዝ ሲማሩ ነው። ወይፈን የገራ ሰው ይህን ለማመን ተመራማሪ አያስፈልገውም። ወይፈኑ ቀንበር በለመደበት ሁለት ሳምንት ሥጋ አልጨመረም፤ ከጓደኛው ጋር እኩል መሳብ ተማረ እንጂ። ከዚያ በኋላ ነው ሥራው ሰውነቱን የሚሠራው። አሜሪካዊው የጦር ሐኪም ዴሎርም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተጎዱ ወታደሮችን ሸክም ቀስ በቀስ እየጨመረ ሲያሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ጽሑፉ ጕልበት የሚመለሰው በዚህ መንገድ መሆኑን አስረዳ። የወታደሮቹን መዳን የለካው በሚያነሡት ሸክም ነበር።

እኛም ወዳጃችንን የመከርነው ይህንኑ ነው። ሚዛኑን አትጣለው፤ ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ጧት፣ ቁርስ ሳትበላ፣ ያንኑ ልብስ ለብሰህ ቁም። ከዚያ የልብስ ሰፊ ሜትር ውሰድና ወገብህን በእምብርትህ ትክክል ለካ። ያነሣኸውንም ጻፍ። አንድ ኪሎ ጡንቻ ከአንድ ኪሎ ስብ 15 በመቶ ያህል ያነሰ ስፍራ ስለሚይዝ ሚዛኑ ሳይነቃነቅ ሱሪ ሊሰፋ ይችላል። ሁለት ሦስት ወር ቆይተህ ወገብህም ሚዛንህም አብረው ከጨመሩ ግን ውሃ ነው እያልክ ራስህን አታታልል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ ከገበታህ ላይ ነው። እግር ቢያብጥ፣ ትንፋሽ ቢያጥር ደግሞ ይህ የኛ ወሬ አይሠራም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ነው የሚኬደው። ደም ግፊት ያለበት ሰውም ትንፋሹን አፍኖ አያንሣ።

ወዳጃችን ወዲያው አልሰማንም። ኅዳርንና ታኅሣሥን እንደ ተወው ቆየ፤ ነርሷ ዘንድ የተቀጠረበትንም ቀን አሳለፈው። በጥር ግን የተፋሰስ ሥራ ዘመቻ መጣና የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ከገበሬው ጋር ለእርከን ድንጋይ ለማጓጓዝ ወጡ። በመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ሳይሆን ተቀመጠ፤ በዕድሜ አባቱ የሚሆኑ ሰው ድንጋዩን ከእጁ ተቀብለው ሄዱ። ማታ ሲደውልልን ድምፁ ሌላ ነበር። ሲሚንቶውን ከአልጋው ሥር አወጣሁት አለን።

በሰኔ መጀመሪያ በነገረን መሠረት ሚዛኑ 77 ከግማሽ ነው። በስምንት ወር ግማሽ ኪሎ ማለት ነው፤ በሚዛን ብቻ ለሚፈርድ ሰው የሚያስቅ ነገር ነው። ወገቡ ግን ከ98 ሴንቲ ሜትር ወደ 93 ወርዷል፤ በቀበቶውም ላይ በምስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስቷል። ነርሷ ዘንድ ዘግይቶም ቢሆን ተመልሶ ሄዶ የደሙ ስኳር ወደ ልኩ መመለሱን ነግራዋለች። እህል ነጋዴው ደግሞ ሚዛኑ ላይ በወጣ ቁጥር ክንዱን በሁለት ጣታቸው ጫን እያደረጉ «አሁን ደርቋል» ይሉታል አሉ።

ችግሩ ሲሚንቶው አልበቃውም። አንደኛው ጣሳ ተሰንጥቆበታል፤ ከአዲስ አበባ እውነተኛ ብረት ገዝተን በአውቶቡስ እንድንልክለት ይለምነናል። ረዳቱን ብንጠይቀው ለ40 ኪሎ ብረት የሚከፈለው ከአንድ ሰው ትኬት አይተናነስም አለን። ለጊዜው ሌላ የቀለም ጣሳ ፈልግ ብለነዋል።